ለበረኛ የሚሆን

ሰኞ ነው። ጦሳ ላይ ጭጋግ ተኝቷል፤
የሙሄ ቦንዳ ግን ሳይነጋ ተፈቷል።
ሉባባ ከጎኔ ጥላ ይዛ ቆማ፣
"ጋሼ፣ ጓንት ብቻ" ትላለች ደጋግማ።

ብቻ ትላለች እንጂ መች ታውቃለች፤
በረኛ ከሆነች
ገና ሦስት ሳምንቷ።
እሷም ወዳ አይደለም፤ መዘዙ ቁመቷ፦
"ረጅሟ፣ አንቺ ግቢ!" አሏት፤ ገባች።
በመጀመሪያው ቀን አራት ገባባት፣
በሁለተኛው ሰባት፤
ሌላ ልጅ ባለቀሰ፤ እሷን ጓንት አማራት።
እናቷ ከዕቁቧ ቆጥራ የሰጠቻት አምስት መቶ ብር
ካልሲዋ ውስጥ አለ፤
በየአሥር እርምጃው ጎንበስ እያለች ትዳብሰው ነበር።

እኔ እንኳ በጊዜዬ፣ ቦርከና ዳር ቆሜ፣
ለፋብሪካው ቡድን አሥራ አንድ ዓመት ደክሜ፣
ጓንቴ የብየዳ ነበር፣ የቦይለር ሠራተኛ የጣለው፤
ጉልበቴም የጥጥ ውዳቂ፣ በሲባጎ ያሰርኩት፣ ዝናብ ያከበደው።
ይህችን ጣት ተመልከቱ፦
አራቱ ወደ ደሴ ሲያዩ
እሷ ብቻዋን ወደ ሐርቡ ታያለች።

ስለዚህ ጓንት ስመርጥ ዓይኔን አላምነውም፤
የሚያብረቀርቀው ዝናብ ሲነካው አይዝም።
መዳፉን እጨምቃለሁ፣ አሸታለሁ ጎማውን፣
በምራቄ አርሼ አያለሁ መያዝ አለመያዙን።
"ጣትሽን ዘርጊ" እላታለሁ፤ ጫፉ ላይ
ግማሽ ጥፍር ያህል ትርፍ ይኑር፤ ከዚያ በላይ
የሌላ ሰው እጅ ነው፣ ያንቺ አይደለም።
ሙሄ ይስቃል፦
"ጋሽ ይመር፣ በሬ ነው እንዴ የምትገዛ?
ጥርሱንም እየው እንጂ!"

ያኔ ነው ከክምሩ ሥር ያ ነገር የወጣ፦
ቁመቱ እስከ አንገቴ፣ አናቱ ላይ መረብ ያንጠለጠለ ዱላ።
ገበያው ከበበን።
አንዱ "የንብ መንጋ መያዣ ነው" አለ፤
"ሐይቅ ወስጄ ላሣ አጥማጅ ነው የምሸጠው" ሙሄ ማለ።
አንድ ተማሪ ስልኩን ጎርጉሮ ጎርጉሮ፣
"ላክሮስ ይባላል" አለን እንደ መምህር አፉን አሳምሮ፤
"ይሄ የበረኛው ነው። ኳሷን በመረቡ ነው የሚቀልባት።"

ዝም አልኩ።
መረቡን በእጁ ይዞ የሚቆም በረኛ!
እኛ ዘንድ መረብ ከኋላ ነው፣ እንደ ክፉ ዳኛ፣
ስህተትህን ሰብስቦ
ለሕዝብ የሚያሳይ።
ለካ ባሕር ማዶ
አዙረው ከፊት ይዘውታል።

ከዚያው ቦንዳ የደረት መከላከያ ወጣ፤
ስፖንጁ ባንድ ወገን የተላጠ፣
ትከሻው ላይ የማናውቀው ልጅ ስም
በቀለም ተጽፎ፣ ግማሹን እጥበት የበላው።
ሉባባ ጓንቱን ረሳች።
ነካችው። ትታው ሄደች። ተመልሳ ነካችው።
"ያምሻል እንዴ?" አልኳት።
"አይ።"
ቆየችና፦ "አርብ ዕለት መታኝ። እዚህ ጋ።
አሁን ቀሎኛል። ስስቅ ብቻ ነው።"

እኔ ሞኙ፣ ጉዳት ማለት ጣት ነው ብዬ፣
ለሠላሳ ዓመት ቂሜ፣ ለራሴ ጣት ስገዛ ውዬ!

"ደረቱ አምስት መቶ፣ ጓንቱ ሦስት መቶ" አለ ሙሄ፤
ኪሴን ዳበስኩ፤ የባጃጅ ብቻ አለ ኪሴ።
እሷ ግን ካልሲዋን ፈታ፣ ብሩን አንድ ባንድ ዘርግታ፣
"ደረቱን" አለችው ቀና ብላ አይታ።
ጓንቱን እስከ ቅዳሜ አስቀምጣለሁ ብሏል፤
የሙሄ ቅዳሜ መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል።
ያንን ዱላ ግን፣ ገዢ ያጣውን፣
"በሉ ይሄ ምርቃት" ብሎ ባጃጁ ላይ ጣለው፤
ግማሹ በመስኮት ወጥቶ
ፒያሳን ሁሉ እያጠመደ ሄድን።

ማታ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከግንቡ ሥር፣
በካልሲ ኳስ ሞከርናት።
አሥር ወረወርኩ፤ ስምንቱን ቀለበች።
ዘጠነኛው ደረቷን መታት፣
ድፍን ያለ ድምፅ፣ እንደ ትራስ።
ቆመን ተያየን።
ሳቀች፤ ጎኗን ያዘች፤ እንደገና ሳቀች።
አሥረኛው ገባ።
ከጎረቤት ጎመን መሐል እስካሁን አልወጣም።